አብሽር ዘለለ

መዳፍ የምታህል ጌም፥ አክስቴ ከጅዳ
ከሽቶ ጠርሙስ መሀል ደብቃ ያመጣቻት፥
ጥጓ ተሰንጥቆ በፕላስተር ያሰርናት፥
እኔና ወንድሜ ይመር፥ ደሴ፥ ቧንቧ ውሃ፥
ዐሥር ዓመት ሙሉ በፈረቃ ያረጀናት።

ቋንቋዋ አይገባንም።
ፊደሏ ዐውድማ ላይ የተበተነ ገለባ።
በግ ሳናርድ ለሰዎቿ ስም አወጣንላቸው፦
ባለ ጦሩ ረጅም፥ «ቶሳ»፤
እሳት የምትተፋው ቀጭን ልጅ፥ «ሚጥሚጣ»፤
ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ሆዳም እንቁራሪት፥
ተራው ሲደርስ የሰው ቁስል የሚያክመው፥
እሱ ግን ዝንብ እንኳ መትቶ የማያውቀው፥ «አብሽር»።
ሌላ ምን ይባላል? እኛ ሰፈር
ለታመመም፥ ለከሰረም፥ ታክሲ ላመለጠውም
መድኃኒቱ ያው ነው፤ አብሽር።

የድሮዋ ጌም ጨዋ ነበረች።
ጠላቷ እንኳ ወግ ያውቃል፤
ዘንዶው አፉን ከፍቶ፥ እሳቱን ጉሮሮው ላይ ይዞ፥
አስበህ መትተህ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃል።
በር ላይ እንደ ተገናኙ ሁለት የወረባቦ ሽማግሌዎች፥
«አንተ ቅደም»፥ «ኧረ በአላህ፥ አንተ ቅደም»፥
ሲባባሉ ይመሻል እንጂ
ማንም ማንንም አይቀድም።

እኛም በዚያው አደግን፤
አንድ ውጊያ እሱ፥ አንድ ውጊያ እኔ፤
መብራት ከጠፋ ደግሞ ክርክር፦ «የጠፋው ባንተ ተራ ነው!»
«በወላሂ፥ ባንቺ ነው!» «በኔ?»

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሞባይል ጠጋኙ ሙሄ
አዲስ ጭኖልኝ መጣ።
«የነዚያው ሰዎች ነው» አለኝ፤ «ግን ተራ የለውም።»
«ተራ የለውም?»
«ዝም ብለሽ ትመቻለሽ።»

የእንጀራ ልጅ ነው ብዬ ናቅሁት።
ሦስት ቀን ከስፌት ማሽኔ መሳቢያ፥ ከቁልፍና ከክር ጋር ተኛ።
በአራተኛው ማታ፥ ሰኞ ገበያ ጭር ሲል፥
የመምህር ገበየሁን ሱሪ ልከፍፍ ተቀምጬ
እስቲ አንዴ ብዬ ከፈትሁት።

አልጠበቀኝም።
ከግራ መጡ፥ ከቀኝ መጡ፥
ቶሳ ሮጠ! ሚጥሚጣ ነደደች!
ለማሰብ ትንፋሽ የለ፥
አውራ ጣቴ ቁልፉን ሲደቁስ
እግሬ ብቻውን የማሽኑን ፔዳል ረገጠ፥
ጥርርርር፥ ያለ ጨርቅ፥ ያለ ክር፥
አየር እየሰፋሁ ተዋጋሁ።
ሞትሁ። ተነሣሁ። ደግሞ ሞትሁ።
ለጥሞና የለመደ እጅ ለግርግር እስኪለምድ
ያ ሁሉ የተከበረ ዘንዶ ያለ «ቅደሙ» ረገጠኝ።

ሦስተኛው ድልድይ ላይ ግን፥
ማንን ይዘሽ ትገቢያለሽ ሲለኝ፥
ከጥጉ ያ ሆዳም ቆሟል።
ዐሥር ዓመት ከሰው ጀርባ የኖረው፥
እስቲ ብሎ የጠራው የሌለ።
ነካሁት።
ዘለለ።

ያ ረቢ! እንዴት ዘለለ!
ከድልድዩ በላይ፥ ከዘንዶው ቀንድ በላይ፥
ሆዱ ከበሮ፥ ምላሱ ጅራፍ፤
ሲያርፍ መሬት ተሰነጠቀ፥
በዚያው ስንጥቅ ዳር የቆሙት ወዳጆቹ
ቁስላቸው ሻረ።
ለካ ማከሙን አልተወም፤
መምታትንም እዚያው ላይ ጨመረ።

ሻዬ ተደፋ።
ማን ሱሪ ላይ እንደ ተደፋ አልናገርም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፥ ኮምቦልቻ ደወልሁ፤
ይመር ፋብሪካው ውስጥ ተረኛ ነው።
«ምን ሆናችሁ? እማ ደህና ናት?»
«አብሽር ዘለለ» አልሁት።
ዝም አለ። የማሽን ጩኸት ብቻ።
«ማ? ሆዳሙ?»
«ሆዳሙ!»
«ብቻውን?»
«ብቻውን፥ ዘንዶው አናት ላይ!»
ትልቅ ሰው ነው አሁን፥ የሁለት ልጆች አባት፤
ሳቁ ግን ያው የዱሮው፥ እንደ ፍየል የሚቆራረጥ።
«ዐርብ እመጣለሁ፥ እንዳትጨርሽው!»
«ተራ የለውም እኮ ይሄኛው።»
«ለእኛ አለው» ብሎ ዘጋ።

እሺ ብዬዋለሁ። ዋሽቼ ነው።
ባትሪው አራት ፐርሰንት ሲቀረው
ሁለት ድልድይ ጨምሬ አልፌ ነበር፤
ሱሪው እስካሁን አልደረቀም።