ማሳ የሌለው ሽቦ

ሐምሌ ነው ይላሉ፤ ሐምሌ ግን አይመስልም፣
ሰማዩ ቢለመን ጠብታ አይጥልም።
ፓዶቫ ዳር ላይ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የጋራዡ ጣራ ይንጣጣል ነዶ።
አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ስሞ ያስቀራል፣
ሲኞር ቤፒ በጋዜጣ ደረቱን ያራግባል፣
እኔ ከኮፋኖ ስር ጎንበስ ብያለሁ፣
ከሽቦ ጋራ ሦስት ቀን ተፋጥጫለሁ።

ፊያቷ የትርንጎ ናት። ባለፈው ጥር
ቴስታታው ተሰንጥቆ ውሃው ሲቀላቀል ከዘይት ጋር፣
«ጣያትና ሌላ ግዢ» አላት ያየ ሁሉ፤
እሷ ግን፣ «በምን ገንዘቤ? ልቧን ቀይሩ በሉ!»
ቤፒ ከተጋጨ አምቡላንስ ሆድ ዕቃ
ሞተር አወጣላት፣ ቁልፍ ሲነኩት የሚነቃ።
ልማድ መቼ ይለቃል? እስከ ዛሬ ድረስ
ሆስፒታሉ ሲቃረብ ይቸኩላል ለመድረስ።
ትርንጎም የምትነዳው ወደዚያው ነው፣ ኤልዳን ይዛ፣
የሰማንያ ስድስት ዓመቷን፣ ኩላሊቷ ደክሞ ፈዛ፣
በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት። ባለፈው ማክሰኞ ለታ
ድልድዩ ላይ ተዝለፈለፈች፣ አንገቷን ደፍታ።
«ኤሲውን!» አለችኝ ትርንጎ ቁልፉን ወርውራ፣
«ሌላው ይቆይ፤ ኤሲው ይሥራ።»

አዝራሩን ስጫነው መብራቱ ይበራል፣
ከኮምፕረሰሩ ግን ዝምታ ይመጣል።
ፊውዙን አየሁት፣ ደህና። ጋዙን ለካሁት፣ ሙሉ ነው።
ሪሌውን አወጣሁ፣ አራገፍሁ፣ መለስሁት፤ እሱም ጤና ነው።
አረንጓዴው በጥቁር ሰንበር፣ ቡናማው፣ ነጩ ቀጭኑ፣
የአሮጌዋ ገላና የመጤው ሞተር አእምሮ
ደጅ ለደጅ ኖረው የማይተዋወቁ ጎረቤት ሆኑ።
አዝራሩ «ሞቀን» ይላል፤
ኮምፒውተሩ «ማን ነህ አንተ?» ብሎ ያልፋል።

ሙያውን የተማርሁት ናዝሬት፣ ከጋሽ ወልደሰንበት ዘንድ ነው።
ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያልሁ አፌን ስፈታ
አማርኛ ይመስለኝ ነበር፣ የጋሼ ስጦታ።
እዚህ መጥቼ ቤፒን ስሰማው፣ አማርኛ አወቀብኝ፤
ከጋራዥ ስንወጣ ግን አንድ ቃል እንኳ ጠፋብኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ጋዜጣውን ሳያጥፍ
መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ አየና አለ፣ በግማሽ አፍ፦
«ማሳ የለውም።»

እኔ የሰማሁት ሌላ ማሳ ነው፤
እርፍ የሚጨበጥበትን፣ ዘር የሚገባበትን፣
ወንድሜ ድንበሩን ገፍቶ «ያንተ ድርሻ የቱ ነው?» ያለኝን፣
ፍርድ ቤት ስንመላለስ የማመልከቻው ወጪ ከእህሉ የበለጠውን።
«አዎ፣» አልሁት በአማርኛ፣ «የለኝም።»

ግራ ገብቶት በጣቱ የፊያቷን ብረት መታ፦
ማሳ! ኔጌቲቩ! ሽቦ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ቦታ።
ለካ አሮጌው ሞተር ያዝዝ የነበረው እሳት እየሰጠ፣
ይሄ ግን መሬት ሰጥቶ ነው፤
የኔ ሪሌ በግራ በቀኝ እሳት ጨብጦ አፈጠጠ።
ነጩን ቀጭን ሽቦ፣ «ትርፍ ነው» ብዬ በቴፕ የጠቀለልሁትን፣
ፈታሁት፣ ላጥሁት፣ አስያዝሁት የሪሌውን እግር።

ጠቅ።

ፍሪሲዮኑ ያዘ። ሞተሩ አንዴ ጎበጥ ብሎ ሸክሙን ተቀበለ፣
ብርዱ ከዳሽቦርዱ ወጥቶ ላቤን ጠቀለለ።
«ሐምሌ!» አልሁ። «ሐምሌ እንዲህ ነው!»
ቤፒ ቀን መቁጠሪያውን አየ።

በማግሥቱ ትርንጎ ኤልዳን ከኋላ አስቀምጣ መጣች፣
እኔም ልፈትሽ ከጎኗ ገባሁ። አዝራሩን ተጫነች።
አሮጊቷ አንገቷን በሻርፕ ሸፈነች፣ ፊቷን አጨፈገገች፤
«ዝጊው ልጄ፣ ዝጊው! ነፋስ ይመታኛል።»
ይሄን እንኳ ማንም አልተረጎመልኝም።
ትርንጎ በመስታወት አየቻት፣ ቀጥሎ እኔን አየች፤
ጠቅ።

የሦስት ቀን ድካሜ ሦስት ደቂቃ ነፈሰ።
መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ላብ እያጠመቀን፣
በሆስፒታሉ በኩል ታጠፍን፤
ሞተሩ ቸኮለ።