ሦስተኛው መታጠፊያ

ከራስ አልኸይማ ወዲህ፣ ጨው መሬቱን አልፎ፣
አንድ የመኪና መሮጫ ነበረ፣ አሸዋ ታቅፎ፤
ቅርጹ እንደ እንቁላል፣ ጠርዙ እንደ ገበቴ፣
መጀመሪያ ያወቅኩት በመጥረጊያ ነው፣ በመጣሁ በዓመቴ።

ሉባባ ነው ስሜ፣ የባቲ ልጅ ነኝ፤
ስምንት ሺህ ወንበር ጥረጊ ብሎ ነው ደላላው የላከኝ።
ሐሙስ ማታ ጩኸት፣ ዓርብ ጧት ለኔ ጥራጊ፤
የኦቾሎኒ ልጣጭ፣ የሻይ ብርጭቆ፣
አንድ ነጠላ ጫማ፣ ባለቤቷን ፈላጊ።

አንድ የጥር ማታ ጉም ከባሕር ወጥቶ ብረቱን ሲያልበው፣
የትልቁን ሰሌዳ ሽቦ፣ ዙር የሚቆጥረውን፣ ጨው በላው።
ኃላፊው፣ ሱዳኑ ኡስታዝ ተጃኒ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና፣
«ቁጥር ታውቂያለሽ?» አለኝ።
«እስከ ስንት?» አልኩት፣ ኮራ አልኩና።

የቆርቆሮ ቁጥሮች ሰጡኝ፣ ሚስማርና መሰላል፤
ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ መጥረጊያዬ ያለ ሥራ ይውላል።
በጎን ደብተር ያዝኩ፣ የራሴ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል፤
በየዙሩ አንድ ጭረት፣ አምስት ሲሞላ እንደ ነዶ መጠቅለል።

እስከዚያ ድረስ ዙር ማለት ለኔ የእቁብ ነበር ዙር፤
ዐሥራ አንድ ሴቶች፣ መጨረሻ ላይ ለኔ የሚደርስ ብር።
እዚህ ግን ዙር ነጎድጓድ ነው፣ ባለፈ ቁጥር ደረት የሚመታ፣
ሁሌ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ሳይታክት ላፍታ።

ጉልዛር ዐሥራ ሰባት ቁጥር፣ የፔሻወር ልጅ፣ መካኒክ፣
ከሦስት ሬሳ መኪና አንድ ነፍስ ያለው የሚያወጣ ሊቅ።
ሁመይድ አራት ቁጥር፤ ያጎቱ ነው ሜዳው፣ ያጎቱ ነው ዋንጫው፤
ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ፍሬን ይነካል፣
ቀይ መብራት ይበራል ከኋላው።

የመጨረሻው ማታ ሁለት መቶ ዙር ነበር።
በመቶ ሃምሳው አሸዋ ተነሳ።
እኔ መሰላሉ ላይ፣
መቶ ዘጠና ስምንት፣
መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣
ጉልዛር አለፈ። ነዶውን አሰርኩት።
ሁለት መቶ።
ሁመይድ ገና ሦስተኛው ላይ ነው፣ ቀዩ ይታየኛል።

ባንዲራው አልወረደም።
አንድ ዙር ይቀራል አሉ።
ጉልዛር ነዳጁን የለካው ለሁለት መቶ ነው፤
በሁለት መቶ አንደኛው
ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሳለና ቆመ።
ባንዲራው ያኔ ወረደ፣ ለአራት ቁጥር።

ቁጥር ሰቃይን ማን ይጠይቃል?
ኡስታዝ ተጃኒ ጫማውን አየ፤ እሱም ኢቃማ አለው፣ እሱም ይፈራል።

ጉልዛር ብቻ መጣ፣ ላቡ ከዘይት ተቀይጦ በፊቱ፤
«እህቴ፣ ስንት ነው?» አለ።
ደብተሬን ገለጥኩለት፣ ከነጭረቱ።
አማርኛ አያነብም፤ ጭረት ግን የማን አገር ፊደል ነው?
በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። ሳቀ መሰለኝ፣ ወይ አሳለው።
ከዚያ ጥቁር አውራ ጣቱን ከመጨረሻው ነዶ ሥር አሳርፎ ሄደ፤
እኛም አገር ያልተማረ እንዲህ ይፈርማል፣
መሬት የሸጠ፣ ልጁን የዳረ፣ ጎረቤቱን የካደ።

ሜዳው ከዚያ ብዙ አልቆየም።
ያጎትየው ዕዳ ነው ይላሉ፤ ሌላም ይላሉ።
ግመሎች ገቡበት፤ ሰሌዳው ላይ እርግብ፣ ወንበሩ ላይ ዝም።
ጉልዛር ሻርጃ ጎማ ይለጥፋል ሲሉ ሰማሁ፤ አልሄድኩም።
እቁቤ ደረሰኝ፣ ባቲ ላይ ቆርቆሮ ሆነ።
ደብተሩ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ የጣቱ ዘይት
አንዱን ቅጠል አልፎ፣ ያልተጻፈበት ገጽ ላይ ደርሷል።

ዞሮ ዞሮ ከቤት ይላል የአገሬ ሰው፤
እኔም ዞሬ ዞሬ ከቤት ገባሁ፣ የሰው ቤት ነው እንጂ፤
ሜዳው ቪላ ሆኗል፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው ወለል የማጥበው።

መሐንዲሱ በውሃ ልክ ለክቶ ደልድሎታል፣ እብነበረድ አልብሶታል፤
ማዳም ምንም አይታያትም።
ባልዲዬን ስደፋው ግን
ውሃው ትንሽ ያመነታል፣
ከዚያ ወደ ግራ።