እስከ አዲጋላ

ጡረታ ስወጣ የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ፤
እንቅልፌን ግን እዚያው ለገሃር አስቀሩብኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ፋኖስ አንጠልጥዬ፣
ለጅቡቲው ባቡር መስመሩን ነጥዬ፣
ቀን ቀን አሸልቤ፣ ሌት ሌት ቆሜ ኖሬ፣
ማታ መተኛትን ከማን ልማር ዛሬ?

የድሬን ሙቀት የኖረበት ያውቀዋል፤
ግድግዳው ቀን ከፀሐይ ይበደራል፣
ማታ እኛ ላይ ይከፍላል።
ቆርቆሮው ሲበርድለት ጧ ይላል፤ እደነግጣለሁ፤
‹‹መጣች!›› ብዬ ከአልጋዬ እዘላለሁ፤
በጨለማው ፋኖሴን እዳብሳለሁ።
ማን ትምጣ? ሐዲዱን እሾህ ከዋጠው ቆይቷል፤
ፉርጎው የፍየል ማደሪያ ሆኗል።

ሐኪሙ ኪኒን ጻፈልኝ፤ ሁለት ማታ ዋጥኩት።
መተኛቱንስ ተኛሁ፤ እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት፤
ሕልም የለ፣ መገላበጥ የለ፤
ጠዋት አፌ መረረ፣ ጉልበቴ ዛለ።
ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ አጋደምኩትና፣
‹‹እስቲ አንተ ተኛ›› አልኩት፣ ‹‹የእኔን እኔ አውቃለሁና››።

መካሪ መቼ ይጠፋል ከዚራ ዛፍ ጥላ?
አንዱ ‹‹ማር ላስ›› ሲለኝ፣ አንዱ ‹‹ሙዝ ብላ››።
እኔስ የሰማሁት ሂንዲያን ብቻ ነው፣
ደቻቱ ዳር የግመል ወተት የምትሸጠውን፤
ጣሳዋን እንኳ ሳትከድን ነገረችኝ እውነቱን፦
‹‹አንተ ሰውዬ፣ ጫቱን ከዐስር ሶላት አታሳልፈው፤
ሆጃውንም ከመግሪብ በፊት ተሰናበተው።
እንቅልፍ ጨዋ እንግዳ ነው፤ ቤትህን ሰው ከሞላው፣
በር ሳያንኳኳ ከደጅ ነው የሚመለሰው።››
ምን ብዬ ልካዳት? ጉንጬ ሞልቶ ነበረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነው፤ ከሚስቴ ተጣላሁ፣
ከድመቷ ተጣላሁ፣ ከጫማዬም ተጣላሁ።
ሲመሻሽ በአሸዋው ደቻቱን ሽቅብ መሄድ ያዝኩ፤
ውሃ በሌለበት ወንዝ ላቤን አፈሰስኩ።

ምንታምር ደግሞ የራሷን ዘዴ አመጣች፤
ግቢውን በባልዲ አራሰች፣ አፈሩን አስተነፈሰች፣
ሽቦ አልጋውን ከኒሙ ሥር አወጣች፣
ነጠላዋን ነክራ ጨምቃ እግሬ ላይ ጣለች፣
ያን የሽልማት ሰዓት ከእጄ ፈታ ደበቀች።
‹‹በል እንግዲህ›› አለች፣ ‹‹ጣቢያዎቹን ንገረኝ፤
ተሳፍሬ አላውቅም፤ ዛሬ ቁጭ አርገህ ውሰደኝ።››

ጀመርኩ።
ሽንሌ። ጠፍ መሬት፣ የከሰል እሳት ከሩቅ።
ሚሎ። ማንም አይወርድም፤ ማንም አይሳፈርም።
አዲጋላ። እዚህ ትንሽ እንቆማለን፤ ትንሽ እን…

ጠዋት ዶሮ ሳይሆን ዝንብ ቀሰቀሰኝ፤
ፀሐይ ፊቴን ልሶኛል። ምንታምር አየችኝ።
‹‹አንተ አዲጋላ ላይ ወረድክ›› አለችኝ፣
‹‹እኔ ግን አይሻን፣ ደወሌን፣ ዓሊ ሳቢህን አልፌ፣
ጅቡቲ ገባሁ ብቻዬን፤ ባሕሩን አየሁት በዓይኔ።
የቀሩትን አውቃቸዋለሁ፤
ቀን ተኝተህ በሕልምህ ስትጠራቸው እሰማለሁ።››

ያኔ ነው የገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት እኔ ውጭ ስቆም፣
እሷም ቤት ውስጥ ፊሽካውን ስትጠብቅ አልተኛችም፤
‹‹ደህና አለፈች›› እስክትል ዓይኗን አልከደነችም።
ማን ጠየቃት? እኔ አልጠየቅኋትም።

ትናንት ማታ ነጠላውን እኔ ነከርኩ፣
የሂንዲያን ወተት ለብ አደረግኩ፣
መስመሩንም ወደ ምዕራብ አዞርኩ።
ሁርሶ፣ አልኳት ቀስ ብዬ።
ኤረር። ፍል ውሃ አለው፤ እግርሽን ንከሪው።
ጎታ።
ጎታ ላይ መልስ የለም።
ከኒሙ ቅጠል ወድቆ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አላነሣሁትም።
እጄን እንደ ፋኖስ በጨለማው ከፍ አድርጌ
‹‹እለፊ›› አልኳት።
እኔ እንደሆንኩ መቆሙን ለምጄዋለሁ።