ስምንት ሺህ ከአራት መቶ

ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ከተማው ሲርቅ፣
ውኃ ቀን ቆጥሮ ብቅ ከሚልበት ፎቅ፣
ካልጋዬ ግርጌ ቆሞ የሚያቃስት
ኮምፒውተር አለኝ፤ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት።
የሰፈሩ ኢንተርኔት ቤት ኪራይ አቅቶት ሲዘጋ
ባለቤቱ ሰጠኝ፣ በዱቤ፣ በግማሽ ዋጋ።
ጎኑ ላይ አሁንም «ቁጥር ስድስት» ይላል፣
«ሒሳብ ሳይከፍሉ መነሣት ተከልክሏል።»

ከቁልፎቹ ሁሉ ፊደሉ የለቀቀ
ወደፊት መሄጃው፤ በጣት ብዛት ያለቀ።
ወደኋላ መመለሻው ግን ዛሬም አዲስ ነው፣
ማን ተጭኖት ያውቃል? ማንስ ተመኘው?

ቀን ሴራሚክ አነጥፋለሁ። እኅቴ ሲፈን ተማሪ ናት።
ሌሊት ሌሊት አብረን መኪና እንነዳለን፤
እኔም እሷም ብንሆን መንጃ ፈቃድ የለን።
መንገዱ ሲጠመዘዝ ሥዕሉ ይቆማል፣
ከመኪናው ቀድሞ ድምፁ ይጋጫል።
«ጭጋግ ነው» እላለሁ። «አይደለም» ትላለች፣
«ማሽንህ አርጅቷል፤ ነፍሱ ልትወጣ ነች።»

ዕቁቡ ወጣልኝ በጥቅምት መባቻ፣
ዕዳ ዕዳውን ከፍዬ ይቺው ቀረች ብቻ፦
ስምንት ሺህ ከአራት መቶ።
ደረት ኪሴ ከትቼ፣ በመርፌ ቁልፍ ቆልፌ፣
መገናኛ ደረስኩ ሁለት ታክሲ አልፌ።

ሐይረዲን መስታወቱን ከፍቶ፣ በሁለት እጁ፣ እንደ ጨቅላ፣
አንድ ካርድ አወጣ።
«እጅ አልነካውም» አለኝ።
አሸተትኩት።
ሌት ተቀን ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ሲፈለፍል የከረመ
የተቃጠለ ጠረን አለው።
«ስንት?» «ላንተ ሲሆን ዐሥራ ሁለት።»
ዝም ስል ቀጠለ፦
«ካርዱን ብትወስደው ፓወሩ አይችለውም፣
ፓወሩን ብትለውጥ ሳጥኑ አይበቃውም፣
ሳጥኑ ካማረ ቦርዱ ያሳፍራል፣
ቦርዱ ከታደሰ…»
ሣቄ አመለጠኝ።
ይህንንማ አውቀዋለሁ! የኔው አፍ ነው።
«እመቤት፣ ወለሉ ሲያምር ግድግዳው ያስጠላል፣
ግድግዳው ከተሠራ በሩ ዝም ይባላል?»
ስንቱን ሰው በዚች ዜማ ከባንክ ቤት መልሻለሁ።

ካርዱን መለስኩለት።
አንድ ስምንት ጊጋ ራም፣ ያገለገለ ኤስኤስዲ፣
የጣት ጫፍ የምታህል የማቀዝቀዣ ቅባት፤
የተረፈኝ የታክሲና የሁለት ሳንቡሳ።

ማታ፣ በስልክ መብራት፣ ጎኑን ፈታሁለት።
ሲፈን ስልኩን ይዛ ወደ ውስጥ ጎነበሰች።
«ውይ» አለች።
ነጭ ነው። ድመት የተኛ የሚመስል ነጭ አቧራ፣
ማራገቢያው ላይ ደርቆ፣ ክንፎቹ መሐል ተጋግሮ።
በጣቴ ነካሁት፦ ስቱኮ፣ ሲሚንቶ፣
የተቆረጠ ሴራሚክ ብናኝ።
ሥራ ውዬ ስገባ ሱሪዬን የማራግፈው
እዚያው፣ እሱ አጠገብ ነው።
የአያቱ ቪላ ሳሎን፣ የሲኤምሲው መታጠቢያ፣
የለቡዋ ሴትዮ ደረጃ፣ ያልከፈለችኝ ቀሪ ሒሳብ ጭምር፣
ሁሉም እዚህ ነበሩ።
እኔ ያራገፍኩትን እሱ ሲስብ ኖሮ
ደረቱ ተዘጋ፣ በኔ እንጀራ ታጥሮ።

በቀለም ብሩሽ ጠረግነው። በአልኮል ጠረግነው።
ራሙን ስጫነው «ቀጭ» አለ፤ የሚሰበር መስሎኝ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ማብሪያውን ነካሁት።
ምንም።
ማቃሰት የለም፣ ማፏጨት የለም።
«ገደልኩት» አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።
«ኧረ ስክሪኑን እየው!» አለች ሲፈን፣
«ሠርቷል እኮ። ዝም ስላለ ነው።»

ጨዋታው ተከፈተ። ለመሄድ ግን ጉቦ ይፈልጋል፦
ጥላን አጠፋሁለት፣ የኩሬን ነጸብራቅ አጠፋሁለት፣
ደመናውን ቀነስኩ፣ ሣሩን ነቀልኩ።
ያን ጊዜ ጠመዝማዛው መንገድ ሳይቆም ተፈታ።

«የመንገዱ ዳር ራቁቱን ነው፤ መኪናውም ጥላ የለው።»
«ጥላው በሚመጣው ዕቁብ፤ ሣሩን ክረምት ያብቅለው።»

አልሰማችኝም።
ፊደል የሌለውን ቁልፍ ተጭና ሄዳለች።