ከማን ሥር

ሃያ ስድስት ዓመት በሞጣ ዙሪያ ምንጭ ሳጎለብት፣
ፓምፕ ስፈታ ስገጣጥም፣ በየቀበሌው ስንከራተት፣
ያየሁትን እጽፍ ነበር፤ በማዳበሪያ ደረሰኝ ጀርባ፣ በሎተሪ ላይ፤
ጡረታ ስወጣ አንድ ጆንያ ሞላ። የሻረግ “ማገዶ ነው ወይ?”
ብትለኝ፣ “መጽሐፍ ነው” አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ አብሬ፤
መጽሐፍ ራስና እግር አለው፤ የኔው ድርቆሽ ነው፣
ነፋስ የበተነው ካውድማ እስከ በሬ።

የእህቴ ልጅ ምኒችል ከባሕር ዳር ለጥምቀት መጥቶ፣
አሮጌ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አኑሮ፣ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ፣
“ጋሼ፣ ይሄ ብዙ አያውቅም፤ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤
መስመር ብቻ ነው፤ አንዱን ካንዱ ሥር ማስገባት ነው የሚችለው።”

ነጭ ገጽ። አንድ ነጥብ። ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት።
ጻፍኩ፦ ምንጮች። ቀጥዬም፦ ቀይ አፈር። “አሁን ታብን ጫናት።”
ጫንኩ። መስመሯ እንደ አዲስ ሙሽራ
አንገቷን ደፍታ ገባች ወደ ቤት።

ጣቴ ደነገጠ። ይህን ነገርማ አውቀዋለሁ!
አባቴ ርስት ሲሟገት፣ ልጅ ሆኜ፣ ከጎኑ ሰምቻለሁ፦
“ዋናው አባት እገሌ፤ ከሱ አራት ምንዝር አባት፤
ከሁለተኛው ምንዝር እኔ፣ በናቴ በኩል፣ በስድስት ቤት፤”
ዳኛው ሲያዛጋ፣ ባላጋራው ሲገላምጥ፣
የሸንተረር ሙሉ ሙታን በጣቱ ይቆጥራል፣ አንድም ስም ሳይናወጥ።
ርስቱ ባዋጅ ቀረ። ቆጠራው ግን ከደሜ አልወጣም፤
ይኸው በላፕቶፕ መጣ፤ ለካ ምንዝር አባት አይጠፋም።

ምንጮች
    ያልደረቁ
        ቀይ አፈር፣ ለስድሳ አባወራ
        ጎርፎ፣ ሲጠጡት ብረት ብረት ይላል
    የደረቁ
        የእማሆይ ምንጭ፣ ባሕር ዛፉ ከበዛ ወዲህ
        ሰንበሌጥ፣ ማንም ሳያያት፣ አንድ ግንቦት

ከርእሱ ጎን ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ስትነካት ሁሉም ይታጠፋል፤
የሰባት ዓመት ጭቃ ባንድ ቃል ሥር ገብቶ ይተኛል፤
ደግመህ ስትነካት፣ ጭጋግ እንደገለጠው የጮቄ ጎን፣
አገሩ ከነጠጠሩ ይመለሳል።
ተዳፋት ያረሰ ያውቃል፤ ገባ ያለች መስመር እርከን ናት፣ አፈር ትይዛለች፤
እርከን የሌላት ሐሳብ
ባንድ ክረምት ታጥባ አባይ ትገባለች።

ስምንት ምሽት እንዲህ ሆነ። መብራት ሲጠፋ በሻማ እለያለሁ፣
ሲመጣ እጽፋለሁ፣ አንዱን አነሣለሁ፣ ሌላውን አወርዳለሁ፤
ሰውን ሁሉ ከነዘሩ ቦታ የሰጠሁ ዳኛ መሰልኩ፤
ኩራት ቢጤም አልቀረኝ።
በዘጠነኛው፣ ከጆንያው ወለል አንዲት የክብሪት ቀፎ ወጣች፤
በእርሳስ፣ ባጭሩ፣ “አንማው ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ አንጎራጎረ” ትላለች።

ከአራት ቀን በኋላ ነው ግድግዳው የተደረመሰ።
ገመዱ በእጄ ነበረ።

ከ“ጉድጓዶች” ሥር አገባኋት፤ ከሲሚንቶና ከጥልቀት መሐል ቀዘቀዘች።
ከ“አደጋዎች” ሥር፤ ኧረ እሱ በዚያ ቀን አልሞተም፣ አንጎራጎረ እንጂ!
“እኔ” የሚል ርእስ ከፈትኩ፤ አየሁት፤ አጠፋሁት።
ለምኒችል ደወልኩ። “ከማን ሥር ትግባ?”
“ወላጅ ከሌላት አታስጨንቃት፣ ጋሼ፤
ሺፍት ይዘህ ታብ ጫን፤ ወደ ግራ ትወጣለች።”

ጫንኩ። አንድ እርከን ወጣች። ደግሜ ጫንኩ።
ዋናዎቹ አባቶች ከሚቆሙበት ዳር ደረሰች፤
በላይዋ ማንም፣ ከሥሯም ማንም።

ጠዋት የሻረግ ሻይ ይዛ መጣች፤ መነጽሬን ከዓይኔ ላይ አውልቃ፣
ለራሷ አጥልቃ አነበበች። ቆየች።
“ምን ብሎ ነበር ያንጎራጎረ?”

ከሥሯ አንድ ባዶ ነጥብ ከፈትኩ።
ጭረቷ ብልጭ ትላለች፣ ድርግም ትላለች።
ቆይ።