ሆድ ያባውን

ወንድሜ አዛናው፣ ሐዴራ የሚኖር፣
ቁልፉ ሁሉ አንድ ነው፦ የበኩር ልጁ ስም፣ ከልደቷ ቁጥር።
የባንኩም እርሷ ናት፣ የኢሜይሉም እርሷ፣
የሐኪም ቀጠሮ፣ የመብራት ክፍያ፣ ሁሉም በርሷ በርሷ።
ባለፈው ሰኞ ግን፣ በሌሊት እኩሌታ፣
አንድ የማናውቀው ሰው አዛናውን ሆኖ ገባ በዝምታ፤
ለአክስት፣ ለአጎቱ፣ ለሠርግ ጠሪው ሁሉ
«ቸግሮኛልና ሁለት ሺህ ሼቄል ዛሬውኑ ላኩ» አለ በየስልኩ።
ሦስት ሰዎች ላኩለት።
አዛናው ተኝቷል።

እኔ ጥበቃ ነኝ፤ አፉላ፣ የገበያ አዳራሹ በር ላይ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቦርሳ ሳይ፦
የሕፃን ጡጦ፣ ክኒን፣ የተጨማደደ ደረሰኝ፣ የቤት ቁልፍ፤
«ይለፉ» እላለሁ፣ ሰውም ያልፋል እልፍ።
የይለፍ ቃል ብሎ ነገር ለኔ ያቺው ነበረች።
የኔውስ? የኔውማ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣
ካረጀ ባትሪ ጋር፣ ዘይት በጠጣ ደብተር ታድር ነበረች፤
ሦስቴ የተሰረዘ፣ አራቴ የተደለዘ፣
የትኛው እንደሚሠራ ጸሐፊውም ያልያዘ።

ሞሪያ ልጄ ዓርብ ከሃይፋ መጣች፤
ደብተሩን በሁለት ጣት አንሥታ
እንደሞተ አይጥ ጠረጴዛ ላይ ጣለች።
«አባዬ፣ ቃል ጠባቂ ያዝ። ሁሉን እሱ ይይዛል፣
አንተ የምትይዘው የእሱን ቁልፍ ብቻ ይሆናል።»
«ለጠባቂ ጠባቂ!» ብዬ ሳቅሁባት፤
አልሳቀችም። ወንበር ሳብኩላት።

እንግዲያው እንደ ቦርሳ ፈተሽኳቸው።
አንደኛው በነጻ ነው። ነጻ ሲሉኝ እጄ ይሰበሰባል፤
ደመወዝ የሌለው ዘበኛ ከግቢው ያነሳል።
ሁለተኛው ከቤት አይወጣም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ያድራል፣
ኮምፒውተሩ የሞተ ለት አብሮት ይቀበራል።
ሳይረን ሲጮህ እኔ ወደ መጠለያው ይዤ የምሮጠው
ሚስቴን ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም፤ እሱም ቀረ።
ሦስተኛው በወር ዐሥር ሼቄል፤ ከሩቅ ሀገር ነው ማደሪያው።
«ባለቤቶቹ ቢከፍቱትስ?»
«አይችሉም። ከዚህ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤
አሠራሩንም ገልጠውታል፣ የፈለገ ይመርምረው።
ቁልፉን ብትረሳ ግን አይመልሱልህም።»
«አይመልሱም?»
«አያውቁትማ!»
ያን ጊዜ ወደድኩት።

እኛ ሀገር ሣጥን አልነበረም፤ ሆድ ነበር፤ ሆድ ከሀገር ይሰፋል።
አባቴ በሱዳን መንገድ፣ አንዲት መስመር ሳይጽፍ፦
ማን ለማን ስንት እንዳበደረ፣
ማን ከየትኛው ግራር ሥር እንደተቀበረ፣
ሁሉን በሆዱ ይዞ ነው እዚህ የደረሰ።
«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ፤
እሱ ብቅል አልቀመሰ።
እርጅና ነው ያወጣበት፤ አንድ በአንድ፣ ሌሊት ሌሊት፣
የት እንደጣለበት እንጃ።
መጨረሻ ላይ ስሜን ጠየቀኝ፤ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ።

«አራት ቃል ምረጥ» አለች ሞሪያ፣ «የማይዛመዱ፣
ሰው ሊገምታቸው የማይችል። ለኔም አትንገረኝ።»
ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መረጥኩ።

(እዚህ ላይ አንድ መስመር ሆን ብዬ ትቻለሁ።)

«በወረቀትም ጽፈህ አስቀምጥ፤ ምናልባት አንድ ቀን...»
ምናልባቱን አልጨረሰችውም።
ጻፍኩት። ዞር ስትል ወረቀቱ ፊቷ ተዘርግቷል።
«አባዬ! ደብቀው እንጂ!»
ለምን እንደማልደብቅ ቆይታ ገባት።
ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከፊደላችን አንዷን አትለይም።
ከሌባ ልሸሽገው ያልኩትን
ከልጄ ሸሽጌው ኖሬያለሁ፤
ያለ ሣጥን፣ ያለ ቁልፍ፣ በነጻ።

ጣቷን መጀመሪያዋ ፊደል ላይ አኖረች።
«ይቺስ ማን ትባላለች?»
ወረቀቱን አጠፍኩት።
«ነገ አስተምርሻለሁ» አልኳት፤
«ቃሉን ከለወጥኩ በኋላ።»