የቡጢ ቢሮ

ከፖስታ ቤቱ ጎን፣ ጣልያን የሠራው ደረጃ ላይ፣
አጣናውና ባዘዘው ተያያዙ፣ ገና ባልወጣ ፊልም ጉዳይ።
እኔ ጫማ እሰፋለሁ። ጆሮ ግን ሥራ አይፈታም፤
ሙግቱ ካላለቀ፣ ባለቤቱ ቢቆጣም፣ ጫማው አይወጣም።

አጣናው ባጃጁን አቁሟል። መንገደኛ «አዘዞ ነህ?» ሲለው
«ሞልቷል» ይላል ባዶውን፤ ከወሬው ማን ይንቀለው!
አንዲት የኮሚክ መጽሐፍ አለችው፣ ሽፋኗ የተገነጠለ፣
ፈረንጅ ወንበሩ ላይ ረስቷት በዚያው የኮበለለ።
እንግሊዝኛው አይገባውም፤ ሥዕሉን ነው የሚያነበው፤
በነጩ ፊኛ ውስጥ ያለውን ንግግር ራሱ ነው የሚያስበው፤
ጭንብል ያጠለቀው ጀግና መጋዙን አንስቶ ሲመጣ
«አባቴ ይሙት!» እያለ ነው፣ በጎንደሬ ቁጣ።

«ቢሊዮን ይገባል» አለ፣ «ከአርብ እስከ እሑድ መሀል፤
ያ ሰውዬ መጋዝ ካነሳ በዓለም ላይ ማን ቤቱ ይውላል?»

ባዘዘው የባንክ ተላላኪ ነው፤ ቁጥር ያከብራል፤
ሰው ሲያጋንን፣ ጠጠር እንደነከሰ ፊቱን ያኮሳትራል።
«ስማ» አለ፣ «ይኸ እኮ ከአሥራ ስምንት በታች የማይገባበት ነው፤
ልጅ ካልገባ እናት አትገባም፤ እናት ካልገባች አባት ወዴት ነው?
አንድ ራስ ሲቀር አራት ወንበር ይጎድላል፤
አንገት የሚቀላ ፊልም መጀመሪያ የራሱን ገበያ ይቀላል።»

«ኤድያ! አንተ ደግሞ ሁሉን በባንክ ደብተር ትለካለህ፤
ደም ነው የሚሸጠው፣ ደም! ቦክስ ኦፊሱን ታያለህ።»

ዣንጥላዋ ሥር ካርድ የምትሸጠው ትብለጥ ቀና አለች፤
«ቦክስ ኦፊስ ምንድን ነው? የቡጢ ቢሮ ነው?» አለች፤
«አንዱ አንዱን ሲመታ፣ ለተመታው ስንት ይከፈላል?»
ሣቅን። «ከፋዩ ተመልካቹ ነው» አላት ባዘዘው፣ «ትኬቱ ተደምሮ ይቆጠራል።»

«ደም ለማየት?»
«ደም ለማየት።»
«በገንዘባቸው?»
«በገንዘባቸው።»

ዝም አለች።
አጣናው የባጃጁን መስታወት ወለወለ፤ ንጹሕ ነበረ።
የወንድሟን ነገር፣ የአምናውን ክረምት፣ እዚህ ደረጃ ላይ የማያውቅ አልነበረ፤
ግን አንድም አፍ አልተናገረ።

ከዚያ፣ ካርዱን እየደረደረች፣ «እኔም እወራረዳለሁ» አለች፤
«ከአጣናው ጋር።» ባዘዘው ሊከራከር ሲል እጇን አነሳች፤
«ይገባል። ቢሊዮኑ ይገባል። እንዲያውም ይተርፋል።
ደም ያላየ አገር ብዙ ነው።
ያላየ ይከፍላል።»

የተሸነፈ ማኪያቶ ሊገዛ፣ ለሁላችን፣ ለሦስት ሳምንት፤
እኔንም ጨመሩኝ፣ ዳኛ ብለው፣ ለዝምታዬ ሹመት።
ምሰሶው ላይ በከሰል ጻፉት፤ የአጣናው ዜሮ ተሰልፎ እስከ ማዕዘኑ ዞረ፤
የባዘዘው ግን እንደ ደመወዙ፣ ሳይጀመር አጠረ።

አርብ ፊልሙ ወጣ፣ ባሕር ማዶ።
ቅዳሜ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ስልክ ሁሉ ባዶ።
እሑድ። ሰኞ። ባጃጅ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይግባ ተባለ።
ትብለጥ ዣንጥላዋን አጠፈች፤
የማይደወልበት ካርድ ማን ይገዛል?

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ።
ባዘዘው ለእናቱ ደወለ። አጣናው ደባርቅ፣ ለእህቱ፤ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራ።
ስንት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የቢሊዮኑን ነገር ማንም አላወራ።

ዛሬ ጠዋት ምሰሶውን አየሁት። ሌሊቱን ዘንቦ
ከአጣናው ዜሮዎች ሁለቱን ወስዷል አጥቦ።
ዳኛው እኔ ነኝ። ማን እንደበላ እስካሁን አልፈረድኩም።
«አዘዞ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል አጣናው፤
ባጃጁ ውስጥ ማንም የለም።